የጃንጥላው ኪራይ

እኛ እዚህ ለንደን ከዝናቡ ጋር እንደተለመደው እየተገፋፋን አለን፤ ክብር ለእርሱ ይሁን።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጃንጥላ ነው። ከዝናብ ስለሚያስጥለው ጃንጥላ ግን አይደለም። ይህኛው ፀሐይ በወጣበት ቀን ሳይቀር በየሳምንቱ ኪራይ የሚቆጥር ጃንጥላ ነው፤ ተከራዩም መከራየቱን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እንግሊዞቹ “አምብሬላ ካምፓኒ” ይሉታል። እኔ “ጃንጥላ ኩባንያ” እያልኩ እቀጥላለሁ።

መቼም የዚህ አምድ ደንበኞች ጸሐፊያችሁ ሌላውን መክሰስ እንደሚወድ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ከተከሳሾቹ አንዱ እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት አገር ቤት ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ኋላ ለትምህርት ወጣሁ፣ ዲግሪዬን ያዝኩ፣ እዚያው ውጭ እንደወጣሁ ቀረሁ። ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የበረራ ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ በፈረቃ ኃላፊነት ነው። ድሮ ዜና እጽፍ ነበር፤ አሁን ማን በየትኛው ፈረቃ ትሪ እንደሚደረድር እጽፋለሁ። ሁለቱን ሥራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር የሰው ስም ከተሳሳተ ጠብ መምጣቱ ነው።

በ2025 ሰመር እንደየዓመቱ ሥራው በዛብን። ሰው የሚያስፈልገን ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሆነ ድርጅታችን ለዚህ ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ አይቀጥርም፤ ኤጀንሲ ይደውላል። የሚደውለውም እኔ ነኝ። “አሥራ አንድ ሰው እፈልጋለሁ” አልኩ። ኤጀንሲው በማግሥቱ በኢሜይል መለሰልኝ፦ የሥራው ሰዓት፣ የሚለበሰው ጫማ፣ ክፍያውም በሰዓት 17 ፓውንድ። “ከእናንተ ሰፈር የምታውቀው ሰው ካለ ላክልን” የሚል ማሳሰቢያም ከታች ነበረበት።

እኔም የወገን ነገር ሆኖብኝ እሑድ ዕቁባችን ላይ ተናገርኩ። ዕቁባችን በሳምንት 150 ፓውንድ የሚጣልበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሥራ ያለው ለሌለው የሚያወራበት ነው። እዚያ “እትዬ” እያልኩ የምጠራቸው እናት አሉ። ስማቸውን አላነሣም። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ለዓመታት የትምህርት ቤት ጽዳት ሲሠሩ የኖሩና በዚያ ሰሞን ሰዓታቸው የተቀነሰባቸው ሴት ናቸው።

“ክፍያው ስንት ነው ልጄ?” አሉኝ።

“በሰዓት 17 ፓውንድ፣ እትዬ።”

እትዬ ካልኩሌተር አያስፈልጋቸውም። “በሳምንት 40 ሰዓት ከሆነ 680። ታክሱ ሲወጣለት 550 አካባቢ ይገባኛል” አሉ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው በሰባት ፓውንድ ብቻ ነበር የሳቱት፤ በ17 ፓውንድ ደመወዝ የሚቀጠር ሰው በዚያ ዓመት በሳምንት 557 ያህል ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ሥራውን ያዙ፣ ሙሉ ዕጣ ገቡ፣ በአራተኛውም ሳምንት ዕጣው ወጣላቸው። ገንዘቡን አዲስ አበባ ለታመመች እኅታቸው ላኩት። ዋስ ያስፈልግ ነበርና ዋስ ሆንኳቸው። ምን ያስፈራኛል? ደመወዛቸውን የነገርኳቸው እኔ ነኛ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያ ኢሜይል ላይ ከ17 ፓውንዱ ቀጥላ አንዲት ቃል ነበረች፦ “አምብሬላ”። አየኋት፤ አለፍኳት። በቀድሞ ሙያዬ ቢሆን ኖሮ የቁጥር ጎራቤት የሆነችን ቃል ሳልጠይቅ ማለፌ ከአዘጋጁ ዘንድ ጥሩ ቁጣ ያስገኝልኝ ነበር።

እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ዝም አሉ። “የመጀመሪያ ሳምንት ስለሆነ ይሆናል” ብለው ነበር፤ ቀጥሎም “የታክስ ኮዴ ሳይስተካከል ቀርቶ ይሆናል”። በስድስተኛው ሳምንት ግን በምሳ ሰዓት ስልካቸውን ይዘው መጡና ፔይ ስሊፑን አሳዩኝ። ከታች የተጻፈው 442 ፓውንድ ነው። ከጠበቁት ከመቶ ፓውንድ በላይ የጎደለ፣ ዕቁቡን ለመጣል ምንም ያህል ያልቀረው ጉድለት።

እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ኃላፊዎች ሁሉ የሚሉትን አልኩ። “እትዬ፣ ይህ እኮ እኔን አይመለከትም። ቀጣሪዎ እኛ አይደለንም።”

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ “ሥራ አለ ብለህ የጠራኸኝ አንተ። ጠዋት የምታዝዘኝ አንተ። አምስት ደቂቃ ብዘገይ ሰዓትህን የምታየው አንተ። ታዲያ ደመወዙ ላይ ስንደርስ ነው የጠፋኸው?”

መልስ አልነበረኝም። ፔይ ስሊፑን ወደ ስልኬ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸውና ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እንዲህ ነው።

ኤጀንሲው ለጃንጥላ ኩባንያው ያስተላለፈው በእርግጥም 680 ፓውንድ ነው። ከዚያ ላይ ጃንጥላው የራሱን የአገልግሎት ክፍያ 22 ፓውንድ ያነሣል። ቀጥሎ 73 ፓውንድ የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስ ይላል። ልብ በሉ፣ የሠራተኛ አይደለም፣ የአሠሪ ነው። ቀጥሎ 3 ፓውንድ የሥራ ተለማማጆች ማሠልጠኛ መዋጮ፤ ይህም አሠሪ የሚከፍለው ነው። 582 ቀረ። ከዚህ ውስጥ 63ቱ የዕረፍት ክፍያ ተብሎ ይያዛል። የቀረው 519 ፓውንድ ነው የእትዬ ደመወዝ፤ በሰዓት 13 ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም የጎደለው። በመጨረሻም የራሳቸው ታክስና የራሳቸው ናሽናል ኢንሹራንስ ወጥቶ 442 ባንክ ገባ።

እኔ “17” ያልኩት፣ እርሳቸውም “17” ብለው የሰሙት፣ ደመወዝ አልነበረም። ሠራተኛዋን ለማሠራት የሚወጣው ወጪ ሁሉ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ድምር ነበር። ሁለት ዓይነት ዋጋ አለ ማለት ነው፦ አንዱ ለጃንጥላው የሚከፈለው፣ ሌላው ለሰውየው የሚከፈለው። ሕጉ አሠሪው የራሱን ናሽናል ኢንሹራንስ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ጃንጥላው ግን “እኔ ከደመወዙ አልቆረጥኩም፤ ደመወዙ ከመጀመሪያውም 13 ነበር” ይላል። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ቅሬታው ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሰው ሲጠራ በሚነገረው ቁጥር ላይ ነው። ያንን ቁጥር የተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኤፕሪል 2025 መንግሥት የአሠሪዎችን ናሽናል ኢንሹራንስ ከ13.8 በመቶ ወደ 15 በመቶ አሳደገው፤ መከፈል የሚጀምርበትንም የዓመት ደመወዝ ከ9,100 ፓውንድ ወደ 5,000 አወረደው። ያኔ ባለድርጅቶች ሁሉ ጮኹ። የእኛም አለቆች ጮኹ። ለቋሚ ሠራተኞቻችን ጭማሪውን የከፈለው ድርጅቱ ነውና እውነታቸውን ነው። በጃንጥላ ሥር ላለው ሰው ግን የተላለፈው ዋጋ 17 እንደሆነ ከቆየ ጭማሪው የሚወጣው ከዚያው ከ17ቱ ውስጥ ነው። በአሠሪው ላይ የተጣለው ግብር ትሪ የሚደረድሩት እትዬ ትከሻ ላይ አረፈ። ያንን ለመቃወም የጮኸ አልሰማሁም።

ለመሆኑ ይህ ጃንጥላ ከየት መጣ? ታሪኩ የሚጀምረው ከሀብታሞቹ ሠራተኞች ነው። በ1990ዎቹ ብዙ የኮምፒውተር ባለሙያዎችና መሐንዲሶች የየራሳቸውን ትንሽ ኩባንያ እያቋቋሙ፣ እንደ ሠራተኛ እየሠሩ እንደ ነጋዴ ታክስ ይከፍሉ ነበር። መንግሥት በኤፕሪል 2000 “አይ አር 35” የሚባለውን ደንብ አወጣና እንዲህ የሚሠራ ሰው እንደ ሠራተኛ ይከፈል አለ። የራስን ኩባንያ መያዙ ጣጣ ሲሆን ጃንጥላ ኩባንያዎች “ኑ፣ እኛ እንቅጠራችሁ፣ ወረቀቱን እንጨርስላችሁ” ብለው በዙ። በ2017 ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በ2021 ደግሞ ለመካከለኛና ለትላልቅ የግል ድርጅቶች ሰውየው ሠራተኛ ነው አይደለም የሚለውን መወሰን የአሠሪው ኃላፊነት ሆነ። አሠሪዎችም ፈሩ፤ ብዙዎቹ “በጃንጥላ ካልሆነ አንቀጥርም” አሉ።

ለባለ ብዙ ደመወዙ መሐንዲስ ይህ መጥፎ ላይሆን ይችላል። ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላው ሲዘዋወር አንድ ቋሚ ቀጣሪ አለው፣ የሕመም ክፍያ አለው፣ ጡረታ አለው፤ ዋጋውንም ሲደራደር ቅናሹን ቀድሞ ያሰላል። ጃንጥላ ሁሉ ሌባ ነው ብዬ አልጽፍም፤ በሕግ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን ኤጀንሲዎች የደመወዝ ጣጣቸውን ለማራገፍ ጃንጥላውን ለአሽከርካሪውም፣ ለጽዳቱም፣ ለመጋዘን ሠራተኛውም ዘረጉት። ድሮ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ከታክስ እየተቀነሰ ለሠራተኛውም ጥቂት ጥቅም ይተርፈው ነበር። በኤፕሪል 2016 ያ በር ለአብዛኞቹ ተዘጋ፤ ጃንጥላው ግን አልታጠፈም። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖር ሰው ዛሬ ከዚህ ጃንጥላ ሥር ሲቆም ከምን ዝናብ እንደሚጠለል አላውቅም።

አገር ቤት ደላላ እናውቃለን። ደላላ ግን አንድ ጊዜ ይበላል፤ ቤቱን ካከራየህ፣ ሠራተኛዋን ካስገባልህ በኋላ ገንዘቡን ተቀብሎ መንገዱን ይሄዳል። ይህኛው እትዬ ትሪ በደረደሩ ቁጥር ከጎናቸው ቆሞ ይቆጥራል።

በማግሥቱ ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ። “የክፍያ ጥያቄ ከሆነ ጃንጥላውን ጠይቁ” አሉኝ። እትዬን ከጎኔ አስቀምጬ ጃንጥላው ጋ ደወልን። ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ከሰማን በኋላ “ዋጋውን የወሰነው ኤጀንሲው ነው፤ እርሱን ጠይቁ” አሉን። ኤጀንሲው ጋ ተመለስን። “ለእትዬዎ እኮ ሁሉም ነገር ተነግሯቸዋል፤ ፈርመዋል” አሉ። እውነትም ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ኤጀንሲ ሰው ሲመዘግብ፣ ከመስማማቱ በፊት፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ወረቀት መስጠት አለበት። ማን እንደሚቀጥርህ፣ ምን ምን እንደሚቆረጥ፣ ለምሳሌ ያህል የተሠራ ስሌትና በመጨረሻ እጅህ የሚገባው ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ይጻፋል። እትዬ ያንን ወረቀት ከሌሎች ሰነዶች ጋር በስልካቸው ተልኮላቸው አውቶቡስ ውስጥ ቆመው በጣታቸው ፈርመውታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የወንዝ ልጅ የሆነ ኃላፊ “17 ነው” ብሎ ከነገራቸው በኋላ እትዬ ለምን ይጠርጥሩ?

ኤጀንሲው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ “በነገራችን ላይ የላክንልዎትን ቅጽ እስከ ዛሬ አልመለሱልንም።”

ምን ቅጽ? ኢሜይሌን ገልብጬ አገኘሁት። የኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ የሚባል ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አለ። አንድ ሰው በአንድ ቦታ በአንድ ሥራ ላይ 12 ሳምንት ከሠራ፣ በኤጀንሲም ይምጣ በጃንጥላ፣ መሠረታዊ ክፍያው በቀጥታ ቢቀጠር ኖሮ ከሚያገኘው ማነስ የለበትም ይላል። ኤጀንሲው ይህን ለማወቅ አሠሪውን ይጠይቃል፦ “የእናንተ ቋሚ ሠራተኛ በዚህ ሥራ ስንት ይከፈለዋል?” መልሱን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ቋሚዎቻችን 14 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ነው የሚያገኙት። ቅጹ ባዶውን ስድስት ሳምንት ተቀምጧል። “ቀጣሪዎ እኔ አይደለሁም” ብዬ የነገርኳቸው ሰው የደመወዛቸው ቁልፍ በእኔው ኢሜይል ውስጥ ተቆልፎ ኖሯል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ሞልቼ ላክሁት፤ ለአሥራ አንዱም ሰው።

አንባቢዎቼ፣ ጀግና ለመምሰል አይደለም ይህን የምጽፈው። ቅጹ ከገባ በኋላ ኤጀንሲው ከ13ኛው ሳምንት ጀምሮ ለጃንጥላው የሚያስተላልፈውን ከ17 ወደ 18 ፓውንድ ከግማሽ በላይ ማሳደግ ግድ ሆነበት፤ ያንኑ ያህልም በእኛ ደረሰኝ ላይ ጨመረ። አለቃዬ ጠራኝ። “ይህን ቅጽ ማን ነው የሞላው?” አለ። “እኔ ነኝ። እውነቱን ነው የሞላሁት” አልኩ። “በ11ኛው ሳምንት አሰናብተን ሌላ ሰው ብናመጣስ? ወይም ሳምንት አሳርፈን ብንመልሳቸው?” አለ። ሕጉን አንብቤ ነበርና ነገርኩት፦ ሰውየው ከስድስት ሳምንት በላይ ካልራቀ ቆጠራው ባለበት ይቆያል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም፤ መብቱን ለማሳጣት ተብሎ የሚደረግ ማፈራረቅንም ሕጉ ለይቶ ያውቀዋል፤ ጥፋቱ የአሠሪው ከሆነም አሠሪው ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። አልወደደልኝም። ግን ዝም አለ። እኔም ለጥቂት ሳምንታት ሻይ ብቻዬን ጠጣሁ።

እዚህ ላይ ከእትዬ ጉዳይ የባሱ ጃንጥላዎችም እንዳሉ መናገር አለብኝ። አንደኛው ዓይነት ሠራተኞቹን በሺህ ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ኩባንያዎች በትኖ ያስቀምጣል። ለትንንሽ አሠሪዎች መንግሥት የሰጠውን የናሽናል ኢንሹራንስ ቅናሽ በየኩባንያው እየወሰደ ይሰበስባል። በ2021 ቢቢሲ ባደረገው ምርመራ ከ40 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች መቋቋማቸውን፣ በዳይሬክተርነት የተመዘገቡትም ፊሊፒንስ የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸውን አጋልጦ ነበር። ሠራተኛው በዚህ መሐል ቀጣሪው ሲለዋወጥበት አያውቅም። ስለዚህ የቀጣሪያችሁ ስም በየጥቂት ወሩ እየተቀየረ ፔይ ስሊፕ የሚመጣላችሁ ካላችሁ ነገሩን በቸልታ አትለፉት።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ለተማሩት ልጆቻችን የተዘጋጀ ነው። “ከምታገኘው 85 በመቶውን ይዘህ ትሄዳለህ” ይላል። እንዴት? ትንሿን ደመወዝ ብለው፣ ትልቁን “ብድር” ብለው ይከፍላሉ፤ ብድር ታክስ የለውም በሚል። በኤፕሪል 2019 “የብድር ቀረጥ” የተባለው ሕግ ሲፈጸም ለዓመታት ያልተከፈለው ታክስ የተጠየቀው ብድሩን ከፈጠሩት ሳይሆን በአብዛኛው ከሠራተኞቹ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሕጋዊ የሆኑ ጃንጥላዎች ሁሉ የሚቆርጡት ታክስ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአገልግሎት ክፍያቸው ብቻ ነው። ከሌላው በብዙ አብልጬ እከፍልሃለሁ የሚል ጃንጥላ ካጋጠማችሁ ትርፉ ከእናንተ ወደፊት የሚጠየቅ ዕዳ እንደሆነ ቁጠሩት።

መንግሥትም ቀስ እያለ ነቅቷል። በኦክቶበር 2024 በጀት በታወጀው መሠረት ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ጃንጥላው ሳይከፍል የቀረውን የደመወዝ ታክስ መንግሥት ከኤጀንሲው፣ ኤጀንሲ ከሌለ ደግሞ ከአሠሪው ድርጅት መጠየቅ እንዲችል ተደርጓል። በዲሴምበር 2025 የጸደቀው የሠራተኞች መብት ሕግም ጃንጥላ ኩባንያዎችን በኤጀንሲ ተቆጣጣሪው ሥር የሚያስገባ ክፍል አለው። “እኔን አይመለከተኝም” የሚለው መልስ ውድ እየሆነ መጥቷል።

ይህን የምጽፈው ከእኛም መካከል አሠሪዎች ስለበዙ ነው። የጽዳት ኮንትራት የያዙ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት የከፈቱ፣ መጋዘን የሚመሩ ወገኖች አሉን፤ እግዚአብሔር ያብዛቸው። ለእነርሱ እንዲህ እላለሁ። ኤጀንሲ ዋጋ ሲነግራችሁ “ይህ ለጃንጥላው ነው ወይስ ለሰውየው?” ብላችሁ ጠይቁ። ለሰው ስትናገሩም የሰውየውን ዋጋ ብቻ ተናገሩ። ኤጀንሲው ራሱ በደመወዝ መዝገቡ ይዞ ሊከፍላቸው ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይችላል፣ የማያደርገው ስላልተጠየቀ ነው። የሚጠቀምባቸውን ጃንጥላዎች ስም በጽሑፍ አስመጡ። የ12 ሳምንቱን ቅጽ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ።

ለሠራተኞቹም ያቺን ሁለት ገጽ ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ እላለሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን መስመር፣ እጃችሁ የሚገባውን፣ እዩ። የዕረፍት ክፍያው በየሳምንቱ ይሰጣችኋል ወይስ ይያዛል? ከተያዘ ስንት እንደደረሰ በየወሩ ጻፉ። ካልገባችሁ አካስ የሚባለው መሥሪያ ቤት በስልክ በነፃ ይመክራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለውን የእናቶቻችንን ተረት ለዚህ ጉዳይ የተረቱት ይመስላል።

ወደ እትዬ ልመለስና ልጨርስ። ሥራው በሴፕቴምበር መጨረሻ አለቀ። ተይዞ የነበረው የዕረፍት ክፍያ ወደ 950 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ጃንጥላው ግን ዝም አለ። ስንጠይቅ “ዕረፍቱን በጊዜው መውሰድ ነበረባቸው” የሚል መልስ መጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሥራ የለቀቀ ሰው ያልወሰደው የዕረፍት ቀን በገንዘብ ይከፈለዋል። እኔም ከስንት ዘመን በኋላ የጋዜጠኝነት ብዕሬን አንሥቼ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እትዬ ፈረሙበት፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር አስተርጉመውኝ ነው የፈረሙት። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ አካስን ስንጠቅስ ገንዘቡ ታክሱ ተቆርጦለት ባንክ ገባ።

በእነዚያ ወራት ሁለት ሳምንት ዕቁቡን መጣል አቅቷቸው ነበር። ዋስ ነኝና ጣልኩላቸው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ገንዘቡ በገባ በመጀመሪያው እሑድ እትዬ ቡናው ሳይቀርብ 300 ፓውንድ በፖስታ አድርገው አመጡልኝ። አልቀበልም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበርና ማካካሻ ይሁን አልኩ።

“የዕቁብን ብር በይቅርታ አይለውጡትም፣ ልጄ” አሉኝና ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ቀጥለውም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ለመሆኑ ለዚህ ሰመር ሰው ትፈልጋለህ?” አሉ።

“እፈልጋለሁ፣ እትዬ።”

“እጄ የሚገባው ስንት ነው?”

ቁጥሩን ገና አልያዝኩትም ነበርና “ጠይቄ ልንገርዎ” አልኳቸው። ያንን መልስ ባለፈው ዓመት ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።